የሹፌሩ ምርጫ

ቨርሊን ስታኪ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው እግር ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ሥራው ነዋ! ለአንድ ትልቅ የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ክለብ ኢንዲያናን፣ ኦሃዮንና ኬንታኪን እየዞረ ከየኮሌጁ ተጫዋች ይመለምላል። መኪናውን አስነስቶ በበቆሎ ማሳ መሀል ሦስት ሰዓት ይነዳል፣ ከከተማው ሕዝብ ይልቅ ወንበር የሚበዛበት አዳራሽ ውስጥ ይገባል፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣል፣ እርሳሱን ላስ ያደርግና ይጽፋል። እርሳስ መላስ ጤና አይደለም ብላ ሚስቱ ኖሪን አርባ ዓመት ጨቀጨቀችው። እሱ እቴ!

አጭርና ወፍራም፣ ቶሎ የሚቆጣ፣ ቶሎ የሚበርድለት ሰው ነው። ራሱ ከሁለተኛ ደረጃ ወዲያ ኳስ አልተጫወተም። ግን አንድ ልጅ ሲሮጥ አይቶ የትኛው ቁርጭምጭሚቱ በልጅነቱ እንደታመመ ይነግራችኋል። ይኼ ዓይኑ ነው ያኖረው፤ የሚኮራውም በዚሁ ነው። ኩራቱ ደግሞ ትንሽ በዛ ይል ነበር፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ።

በክለቡ ውስጥ አንድ ወግ አለ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ክለቦች ሁሉ በሁለት ቀን ስልሳ ወጣቶችን በተራ ይመርጣሉ። የድሮው የክለቡ ባለቤት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የክለቡን የመጨረሻ ዕጣ ለአለቆቹ ሳይሆን በመንገድ ለሚንከራተቱት መልማዮች ሰጠ። «መኪና የሚነዱት እነሱ፣ በየሞቴሉ የሚያድሩት እነሱ፣ አንዷንስ እነሱ ይምረጡ» አለ። መልማዮቹ አራት ስለሆኑ ተራው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል። ስሙም የሹፌሩ ምርጫ ተባለ። በዚያ ላይ ማንም አለቃ አይሆንም ማለት አይችልም።

ቨርሊን እስካሁን ሰባት ጊዜ ደርሶታል። ሰባቱንም ጊዜ የመረጠው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ግንዲላ ነው፤ ዛሬ ምንም የማያውቅ፣ ነገ ግን ምን እንደሚሆን የማይታወቅ። እናስ? ከሰባቱ አንዱም እስከ ገና አልቆየም። ክለቡ ጥቅምትና ኅዳርን ያያቸውና ከገና በፊት ያሰናብታቸዋል። አንደኛው ዛሬ ካንሳስ ውስጥ ጣራ ይጠግናል፤ መሰላል አያስፈልገውም እያሉ ይቀልዳሉ። ቢሮ ውስጥ ደግሞ «ቨርሊን የመረጠው ልጅ የክለቡን የገና ዛፍ አይቶ አያውቅም» ይባላል። ሲባል ቨርሊንም ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን አይስቅም፤ ይኼን የምታውቀው ኖሪን ብቻ ናት።

አሁን ስልሳ ስምንት ዓመት ሞላው። የጡረታ ደብዳቤውን ፈርሞ ሰጥቷል። በዚህ ሰኔ ስምንተኛው ተራ ይደርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ የለም። አንድ ልጅ፣ አንድ ብቻ፣ ገናን አልፎ ቢያይለት ደስ ብሎት ቤቱ ይቀመጣል። ልቡ የተሰቀለው እዚያ ላይ ነው።

ኅዳር ላይ ኮርትላንድ ማብሪ የሚባል ኳስ አከፋፋይ፣ ኳሷን ይዞ ቡድኑን የሚመራ ተጫዋች፣ ሊያይ ሄደ። ሄደ ስል ለወጉ ያህል ነው። ማብሪ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ እንደወጣ አባቱ ታመመበትና ሁለት ዓመት የዶሮ ፋብሪካ ውስጥ ሠራ፤ ኮሌጅ ከገባ በኋላ ደግሞ ጉልበቱ ተቀደደና አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጫወት ከረመ። ሚስት አለችው፣ የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለችው። የቡድኑ ልጆች «አያቴ» ነው የሚሉት። በዚህ ሥራ ደግሞ ዕድሜ ወንጀል ነው። መልማይ የሚገዛው ያላለቀ ነገር ነው፤ «ያለቀ ተጫዋች» ብሎ ከጻፈ መቅበሩ ነው።

ቨርሊን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ያየው ይኼን ነው። አምና በየጨዋታው ስምንት ኳስ አመቻችቶ ነጥብ ያስቆጥር የነበረው ማብሪ ዘንድሮ አራት እንኳ አይሞላም። ኳሷን ይዞ የሚወጣው ኢመት የሚባል የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ጆሮው ትልልቅ። ማብሪ ከኋላው ቀስ እያለ ይመጣል። ቨርሊን እርሳሱን ላሰና ጻፈ። ከዚያ ሰዓቱን አየ። በዚያች ከተማ አንድ ምግብ ቤት አለ፣ የአሳማ ሥጋው ጥብስ ከዳቦው አራት ጣት ወጥቶ የሚንጠለጠል፤ ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ጨዋታው እረፍት ሲወጣ ቨርሊንም ወጣ። ሳንድዊቹ ደርሶለታል፤ ጣፍጦትማል።

ኖሪን ጥር ላይ ከፖስታ ቤት ሥራዋ ጡረታ ወጣችና «ሠላሳ አንድ ዓመት የት የት እንደምትሄድ እስቲ ልየው» ብላ ከጎኑ ተቀመጠች። የካቲት ላይ ሁለቱ ወደ ኦሃዮ ይጓዙ ነበር። እዚያ ሁሉም የሚያወራለት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አለ፤ ሁለት ሜትር ከዘጠኝ ሳንቲሜትር፣ መዳፉ አካፋ የሚያህል። ቨርሊን ስምንተኛው ምርጫዬ ይኼ ነው ብሎ በልቡ ጨርሷል። ግማሽ መንገድ ላይ በረዶው ያዛቸው። መንገዱ ተዘጋ፣ አንዲት የኮሌጅ ከተማ ውስጥ ገቡ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነበርና አዳራሹ ውስጥ ጨዋታ አለ።

«ማን ከማን ነው?» አለች ኖሪን።

«አንዱ ያ ሽማግሌው ልጅ ያለበት ቡድን ነው። ጽፌ ጨርሻለሁ።»

«ታዲያ ሞቴል ውስጥ ግድግዳ እያየን ልንውል ነው? ተነስ ባክህ፣ ፋንድሻ ግዛልኝ።»

ገቡ። የባለሜዳው ኮሌጅ ተማሪዎች ተማክረው ጠብቀዋል። ሁለት መቶ የሚሆኑት ነጭ የፀጉር ዊግ አድርገው፣ ምርኩዝ ይዘው፣ ማብሪ ኳስ በነካ ቁጥር ወለሉን እየመቱ «ጡ-ረ-ታ! ጡ-ረ-ታ!» ይላሉ። ቨርሊን ለአፍታ ለእሱ መስሎት ዞር አለ። ኖሪን ፋንድሻው አፏ ውስጥ እያለ ሳቀችበት።

ጨዋታው ለአፍታ ቆሞ ሳለ ማብሪ ወደ ተማሪዎቹ ሄደ። አንደኛውን «ወንድሜ፣ እስቲ አውሰኝ» ብሎ ምርኩዙን ተቀበለ፣ ወገቡን ይዞ ሦስት እርምጃ አነከሰ፣ «እግዜር ይስጥህ፣ እኔስ ጉልበቴን ነበር ያመመኝ» ብሎ መለሰለት። የተሳደቡት ራሳቸው አጨበጨቡለት። ከተቀያሪዎቹ ወንበር አንዱ «አያቴ፣ ክኒንህን ውጠሃል?» ብሎ ጮኸ። ማብሪም «ላንተ አስቀምጬልሃለሁ!» አለው።

ቨርሊን ይኼን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ስለ ኦሃዮው ልጅ ያስባል። ኖሪን ግን ታያለች። ስለ ኳስ የምታውቀው ነገር የለም፤ አርባ ዓመት ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጣ ሰው ስታይ የኖረች ሴት ናት።

«ያ ትልቁ ልጅ መኪና እያስተማረ ነው እንዴ?» አለች።

«ምን?»

«አባቴ እኔን ሲያስተምረኝ እንዲሁ ነበር። መሪው በኔ እጅ ነው፣ ፍሬኑም በኔ እግር ነው፤ እሱ ግን ከጎኔ ቁጭ ብሎ ባዶውን ወለል ይረግጥ ነበር። እየው እስቲ እጁን።»

«ኖሪን፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«እኔስ ምን አልኩህ? ሥራህን ሥራ ነው ያልኩት።»

ቨርሊን ተነፈሰና የማብሪን እጅ አየ። እጁ ከወገቡ በታች ነው፤ ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ። ሁለት ጣት። ኢመት ሰረቅ አድርጎ አያቸውና ኳሷን ወደ ግራ ሰጠ፤ ነጥብ ተቆጠረ። ጭብጨባው ለኢመት። በሚቀጥለው ማብሪ ጡጫ ጨበጠ፤ ኢመት ኳሷን ያዝ አድርጎ ቆየ፣ ተከላካዩ አለፈው፣ አቀበለ፣ ነጥብ። ከዚያ ልጁ ጣቶቹን ሳያይ ወረወረና ኳሷን አስነጠቀ። ማብሪ ግን ኳሷ ሳትነጠቅ በፊት ነው ወደ ኋላ መሮጥ የጀመረው፤ ባላጋራው ሲደርስ ቀድሞት ቆሞ ጠበቀው። ከኋላ ቀስ እያለ የሚመጣው ለካ ደክሞት አይደለም፤ መላ ሜዳውን ከፊቱ አድርጎ ለማየት ነው። ቨርሊን ሠላሳ አንድ ዓመት የሚኮራበት ዓይኑ የት ሄዶ ነበር? ሳንድዊች! ሳንድዊች ለመብላት ነው እኮ የወጣው!

ስምንት ደቂቃ ሲቀር ኢመት አምስተኛ ጥፋቱን ሠራና ከሜዳ ወጣ። ቡድኑ በአሥራ አንድ ነጥብ ይመራል፤ የባለሜዳው ማለቴ ነው። ያኔ ኳሷ ማብሪ እጅ ገባች። አቤት! አልዘለለም፣ አልፈነጨም። ይራመዳል፣ ይፈጥናል፣ ሌላው የማይቆምበት ቦታ ላይ ድንገት ይቆማል፤ ተከላካዮቹ ብሬክ እንደከዳው መኪና አልፈውት ይሄዳሉ። አሥራ አንዱ ስምንት ሆነ፣ አምስት ሆነ፣ አንድ ሆነ። ምርኩዞቹ ዝም አሉ። የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ላይ ሁለት ሰው መጣበት። ቅርጫቱ ሥር ያለው ረጅሙ ጓደኛው ብቻውን ቆሟል፤ ሁለት ጊዜ ስቷል። ማብሪ ሰጠው። ሳተ። ተሸነፉ።

ረጅሙ ልጅ ፊቱን በማሊያው ሸፈነ። ማብሪ ሄዶ አንገቱን አቀፈውና ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አለው። ልጁ እያለቀሰ ሳቀ።

«ምነው አንድ መስመር እንኳ አልጻፍክም?» አለች ኖሪን። ወረቀቱ ባዶ ነው። እርሳሱን ግን ግማሹን በልቶታል።

ቨርሊን ተጫዋች አያናግርም፤ ሰውዬውን ከወደድከው እግሩን ማየት ትተዋለህ ይላል። አሰልጣኝ ማናገር ግን አልተከለከለም። የማብሪን አሰልጣኝ፣ ሃስኬልን፣ ከሃያ ዓመት ጀምሮ ያውቀዋል። መተላለፊያው ላይ ያዘው።

«ኳሷን ለምን ከእጁ ወሰድክበት?»

«እኔ? እኔ መች ወሰድኩ!» አለ ሃስኬል፤ ሽንፈቱ ገና ከፊቱ አልለቀቀም። «ትምህርት ሳይከፈት ራሱ ቢሮዬ መጣ። ‹እኔ ሂያጅ ነኝ፣ ኢመት ቀሪ ነው። ዘንድሮ እኔ ስይዛት ከርሜ ብሄድ በሚቀጥለው ዓመት ይጨንቀዋል› አለኝ። አንተ ጅል፣ አልኩት፣ ደብተር ይዘው የሚመጡት ሰዎች እኮ የሚቆጥሩት ያንተን ኳስ ነው። ቁጥርህ ወርዶ ሲያዩ አርጅቷል ብለው ይሄዳሉ። ታውቃለህ ምን አለኝ? ‹ማየት የሚችል ከመጣ ያያል።›»

ቨርሊን ባዶውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«አሁንማ የሚመጣም የለም» አለ ሃስኬል። «አገሩ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ሁንልን ብሎታል። እስከ ሰኔ መጨረሻ ጠብቁኝ ብሏቸዋል። ደግ ሥራ ነው፣ ይወደዋልም። ግን እግዜር ያውቃል ቨርሊን፣ ይኼ ልጅ ገና መጫወት ነው ያለበት።»

በማግስቱ መንገዱ ሲከፈት ወደ ኦሃዮ ጉዟቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ቨርሊን «ፈሪ ነኝ አይደል?» አለ።

«ገና ነዋ» አለች ኖሪን። «እስከ ሰኔ ጊዜ አለህ።»

ይኼን ያለችው እያወቀች ነው። ወጉ ሌላም ግማሽ አለውና። የሹፌሩን ምርጫ የሚመርጥ መልማይ ከምልመላው አሥር ቀን በፊት ሁሉም በተሰበሰበበት ይቆማል፤ ስሙን ሰሌዳው ላይ ከመስቀሉ በፊት ስለዚያ ተጫዋች የጻፈውን የመጀመሪያውን ወረቀት ጮክ ብሎ ያነባል። የመጀመሪያውን እንጂ የተሻሻለውን አይደለም። ስለ ኦሃዮው ልጅ የጻፈው ወረቀት ቢነበብ ያስመሰግናል። የማብሪው ግን…

ሰኔ ደረሰ። ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው አለ። ከላይ የተቀመጠው ሥራ አስኪያጁ ሮስኮ ፔል ነው፤ ቁጡ አይደለም፣ ግን ፊቱ አይነበብም። ከጎኑ ኪት የሚባለው ቁጥር አዋቂ አለ፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ፣ ኮምፒዩተሩን ከደረቱ የማይለይ። ቨርሊን ሁለት ወረቀት ይዞ ቆመ፤ አንዱ በቀኝ ኪሱ፣ አንዱ በግራ። እጁ የትኛው ኪስ እንደሚገባ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላወቀም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያከበሩት ሰዎች ፊት ራሱን ሊያዋርድ ነው። ከግራ ኪሱ አወጣ። ወረቀቱ ላይ የሰናፍጭ ነጠብጣብ አለበት።

«ኮርትላንድ ማብሪ» ብሎ አነበበ። «ሃያ አምስት ዓመቱ። ያለቀ ተጫዋች። ኳሷን ለትንሽ ልጅ ጥሎ ከኋላ ያዘግማል። እግሩ ደክሟል፣ ፍላጎቱም። ስሙ ይሰረዝ። እስከ እረፍት ታየ።»

ከዚያ አንዱ መልማይ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ክፍሉ ተከተለው።

«ጋሽ ቨርሊን» አለ ኪት፣ «ይኼ ሰውዬ እኮ ከእኔ በሦስት ዓመት ነው የሚያንሰው! እኔም ልመዝገብ እንዴ?»

«ቁመትህ አይፈቅድልህም፣ ልጄ» አለ ቨርሊን። ጆሮው እሳት ሆኗል። «ተሳስቼ ነው የጻፍኩት። በእረፍት ሰዓት የወጣሁት ልበላ ነው። የቀረውን ሚስቴ ናት ያሳየችኝ፤ ፋንድሻ እየበላች።» ከዚያ ስለ ጣቶቹና ስለ መጨረሻዋ ኳስ ነገራቸው።

ሮስኮ ፔል እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሰማው። «የመጨረሻዋን ኳስ ለማይችል ልጅ ሰጥቶ አስሸነፋቸው ነው የምትለኝ?»

«ብቻውን ለቆመ ልጅ ሰጠ ነው የምልህ። የሳተው ልጁ ነው።»

«ምርጫው ያንተ ነው፣ አልከለክልህም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ለክለቡ ነው ወይስ ለራስህ?»

ቨርሊን ወረቀቱን አጠፈ። «ሁለተኛው ኳስ አከፋፋያችሁ ወገቡን ታሟል። መስከረም ላይ ኳስ የሚይዝላችሁ ሰው ትፈልጋላችሁ፤ እኔ ደግሞ ስምንተኛ ሕፃን ላመጣላችሁ ነበር። ሰባት ጊዜ ለራሴ መረጥኩ። ይኼኛው ለክለቡ ነው።»

ስሙን ሰቀለ። እየተንጠራራ ነው የሰቀለው፤ ሰሌዳው ለረጃጅሞች የተሠራ ነው።

ኪት ከአምስት ቀን በኋላ ቨርሊን ጋ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። የማብሪን ሠላሳ አንድ ጨዋታ በሙሉ በቪዲዮ ተቀምጦ አይቷል፤ እግር ሳይሆን ጣት ሲቆጥር።

«በአንድ ጨዋታ አሥራ አንድ ጊዜ» አለ። «እኔ መቁጠሪያ የለኝም ለዚህ። ኮምፒዩተሩም አያውቀውም። አንዳንዱ ጀርባውን ሲያክ ሊሆን ይችላል፣ አልዋሽዎትም፤ ግን አሥራ አንድ።»

«ዘጠኝ ነበር የገመትኩት እኔ» አለ ቨርሊን፤ ደስታውን ሊደብቅ እየሞከረ። «ቁጭ በል። ቁርስ በልተሃል?»

በሁለተኛው ቀን ምልመላ፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ግድም፣ ሃምሳ ሰባተኛው ዕጣ ደረሰ። የማብሪ ስም ተጠራ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ያሉት ሰዎች ወረቀታቸውን ሲያገላብጡ ታየ፣ ማን እንደሆነ ሊያውቁ። ለተመረጠው ልጅ ስልክ የሚደውለው ሹፌሩ፣ መልማዩ ራሱ ነው። ቨርሊን ደወለ። ስልኩ ብዙ ጠራ። ሲነሳ ከኋላው የሕፃናት ጩኸትና የኳስ ድምፅ ይሰማል።

«ሃሎ? ትንሽ ጮክ በሉ፣ የሰፈር ልጆች እያሠራሁ ነው።»

«ኮርትላንድ ማብሪ? ቨርሊን ስታኪ እባላለሁ…»

«አውቅዎታለሁ» አለ ማብሪ። «ኅዳር ላይ መጥተው ነበር። ሦስተኛው ረድፍ። በእረፍት ወጡ።»

ቨርሊን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «አዎ። ሳንድዊች ልበላ ነው የወጣሁት።»

«እዚያች ጋ? ስምንት ሰዓት ላይ የምትዘጋዋ?» ማብሪ ሳቀ። «እሱስ ያስወጣል።»

«ልጄ፣ መርጠንሃል። ሃምሳ ሰባተኛ። ቴሌቪዥን አላየህም?»

የኳሱ ድምፅ ቆመ። አንድ ሕፃን «ምን ሆንክ?» ሲል ይሰማል። ቨርሊን ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ሮስኮ ፔል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሚስቴን… ሚስቴን ልጥራት» አለ ማብሪ በመጨረሻ፤ ግን አልሄደም። «በየካቲትም መጥተው ነበር። እመቤቲቱ ፋንድሻ ይዘው።»

«አይተኸኝ ነበር?»

«ሲገቡ ነው ያየኋችሁ።»

ቨርሊን ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «ቆይ እንጂ። መልማይ እንደተቀመጠ እያወቅክ፣ ያ የመጨረሻ ዓመትህ ሆኖ፣ ኳሷን ለምን ከልጁ አልተቀበልክም?»

ማብሪ ጥያቄው ግር አለው። «ተራው የእሱ ነበራ» አለ። ከዚያም «ኢመትን ግን አዩት አይደል? የዛሬ ሁለት ዓመት ይምጡና ይዩት» አለው።

ቨርሊን ጡረታ ወጥቻለሁ ሊለው ነበር። አፉ እሺ አለ።

እሺ ካለ ደግሞ ቃሉ ቃል ነው። የእሱን መንገዶች የተረከበው ኪት ሆነ፤ በራሱ ጥያቄ፣ ኮምፒዩተሩን ቢሮ ትቶ። ችግሩ ኪት የከተማ ልጅ ነው፣ በረዶ ላይ ነድቶ አያውቅም። ቨርሊን «ጥቂት ጊዜ ብቻ» ብሎ አብሮት መዞር ጀመረ። ኖሪን «ይኼ ነው ጡረታ ማለት?» አለችና እሷም ከኋላ ወንበር ገባች፤ ቤት ብቻዋን ምን ትሠራለች?

ገና ካለፈ በአምስተኛው ቀን፣ እሁድ ከሰዓት፣ ሁለት ዓመቱን ሳይጠብቁ ኢመትን ሊያዩ እየሄዱ ነው። መንገዱ ነጭ ነው። ሬዲዮው የክለቡን ጨዋታ ያስተላልፋል። የገናው ዛፍ ቢሮ ውስጥ እንዳለ ነው፣ ማብሪም እንዳለ ነው፣ ማንም አላሰናበተውም። እስከ ትናንት ድረስ ግን ወገቡ የታመመው ኳስ አከፋፋይ ተሽሎት ስለነበር ማብሪ ሜዳ ብዙም አይገባም ነበር፤ ትናንት ያ ሕመም እንደገና ተነሳ።

«ሦስተኛው ሩብ ሊያልቅ ነው» አለ ሬዲዮው፣ «ለውጥ አለ። ኮርትላንድ ማብሪ ገብቷል።»

ኪት ደስታው መሪውን አስረስቶት «ገባ! ጋሽ ቨርሊን፣ ገባ!» ብሎ ወደ እሱ ዞረ። መኪናዋ ትንሽ ሸርተት አለች።

«መንገዱን እይ፣ አንተ ልጅ! ፍሬን! ቀስ ብለህ፣ ቀስ!» ቨርሊን በእንባው መሀል ጮኸ፤ ቀኝ እግሩም ከፊቱ ያለውን ባዶ ወለል ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው።

ኖሪን ከኋላ አየችው። ወደ ፊት ጠጋ ብላ ትከሻውን ያዘችና «አንሳ እግርህን» አለችው። «ልጁ ይዞታል።»